አባቴ በአዲሱ ቦክሲ ላይ ያስገጠመው ፊልትሮ

ካርቱም ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪናውን በቀጥታ ቤቱ አያስገባውም፤ መጀመሪያ ወርሻ ይወስደዋል። ወርሻ የምንለው ጋራዡን ነው። ፋብሪካ የሠራውን እንዳለ የሚያምን ሰው የለም። ባሌስትራው ላይ ቅጠል ይጨመራል፣ ከኋላ ብረት ይበየዳል፣ የመቀመጫው ላስቲክ እስኪቀዳደድ ድረስ አይነሳም። እንዲህ ያላደረገ ሰው ጎረቤቱ "ምነው፣ እጅህ አጠረህ?" ይለዋል። አባቴ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በካላክላ መስመር አሮጌ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ አዲስ መኪና ነክቶ የማያውቅ ሱዳናዊ ነው። ለዚያ ነጭ የናፍጣ ቦክሲ ያላደረገለት ነገር የለም። ቦክሲ ማለት ከኋላው ክፍት የሆነው ፒክአፕ ነው።

መኪናው የተገዛው ለአንድ ነገር ነበር፤ እናቴ ቤቷ እንድትገባ።

እናቴ የወሎ ሴት ናት። ካርቱም መጥታ አባቴን አገባች፣ እኔን ወለደች፣ ጡት ሳልጥል ማለት ይቻላል አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጠረች። እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው። ወደ እኛ የምትመጣው ሐሙስ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች። የሰው ልጆች ፀጉር አበጥራ ትምህርት ቤት ስትሸኝ ኖራለች፣ እኔን አንድም ቀን አልሸኘችኝም። ይህን ሳወራ አሁንም ደሜ ይፈላል። እሷን ብትጠይቋት "በልታ አድራለች፣ ምን ጎደላት?" ነው የምትለው። አማርኛዬም የሐሙስ ማታ አማርኛ ነው፤ የሳምንቱ ወሬ ሁሉ በአንዴ የሚወራበት። የተንሻፈፈ ነገር ካገኛችሁበት ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም።

እናም እንዲህ ተመከረ። አባቴ ሚኒባሱን ይሸጣል፣ እናቴ ያጠራቀመችውን ትጨምራለች፣ አዲስ ቦክሲ ይገዛል። አሮጌ ቢገዛ በየወሩ ወርሻ ነው፤ አዲስ ከሆነ ግን ዋስትና አለው፣ ዳማን። ቢበላሽ እነሱ ይሠሩታል። አባቴ ከማዕከላዊው ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አል-ሳሃፋ ላሉት ሱቆች ያከፋፍላል፣ እናቴም ሥራዋን ትለቃለች። የማንሺያዋ እመቤት ስትሰማ አለቀሰች አሉ። "እስከ ዒድ ድረስ ክፍልሽ ውስጥ ሌላ ሰው አላስገባም፤ ካልሆነልሽ ተመለሺ" አለቻት። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ባዶ ክፍል ሳስበው ቀልቤ አልወደደውም።

አባቴ መኪናውን ከተውኪሉ፣ ማለት ከኩባንያው ወኪል፣ የተረከበ ዕለት የዋስትና ደብተር ሰጡት። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አኖረው። ማንበብ ያቅተዋል ማለቴ አይደለም፣ ጋዜጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብ ሰው ነው። ግን ደብተሩ እንዲነበብ ሳይሆን እንዲጠበቅ የተሰጠው መስሎት ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወርሻ ሄደ። ሲመለስ በግ ታረደ፤ የደም እጁን እንደ ደንቡ ኮፈኑ ላይ አተመ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተና ያስገጠመውን አሳየን።

ከድሮ የጭነት መኪና የተፈታ ትልቅ ፊልትሮ ነበር፤ ከታቹ የመስታወት ኩባያ አለው። የናፍጣውን ቱቦ አስቆርጦ መሀል ላይ አስገብቶታል። "ይህን ሞተር የሠሩት ሰዎች የእኛን ናፍጣ አያውቁትም" አለ። እውነቱን ነው። የካርቱም ናፍጣ በየበርሜሉ ሲዞር ከርሞ አሸዋም ውሃም ይዞ ነው የሚመጣው። በየጠዋቱ ኮፈኑን ይከፍትና መስታወቱ ሥር የተጠራቀመውን ቡናማ ውሃ እናቴን ጠርቶ ያሳያታል። "እይው ያ ሐጃ፣ ይሄ ሁሉ ሞተሩ ሆድ ሊገባ ነበር" ይላታል። እናቴ መካን አይታ አታውቅም፤ እዚያ አገር ግን ሴት ስትከበር ሳትሄድም "ያ ሐጃ" ተብላ ትጠራለች። እሷም ባይገባትም "ማሻአላህ" ትለዋለች።

ያን ጊዜ ሥራዋን ለቃ ቤት ገብታ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ ተጣላን። እኔ አል-ሳሃፋ ስልክ መሸጫ ሱቅ የምሠራ፣ የራሴን ሻይ አፍልቼ መጠጣት የለመድኩ ትልቅ ሴት ነኝ። በየጠዋቱ ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጋ የምትጎበኘኝ እናት አልለመድኩም። ሸሚዝሽን አውልቂ ልተኩስልሽ ትላለች። ወጡ ጨው የለውም ስላት ታኮርፋለች፤ የማንሺያዋ እመቤት ደም ግፊት ስላለባት የእናቴ እጅ ጨው ረስቷል። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አገኘኋት። "ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት። "ምንም፤ አንቺን እየጠበቅኩ ነው" አለች። ገብቼ ሽንት ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ማክሰኞ ቀን ነበር፤ እናቴን ማክሰኞ ቀን ቤቴ በር ላይ አይቻት አላውቅም ነበር።

የመኪናው ነገር የጀመረው ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን ነው። ተጭኖ ሲሄድ በድንገት ጉልበት ያጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ትንሽ ቆሞ ሲያስነሱት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ይሄ ነው እንግዲህ የሚያናድደው። ፊት ለፊት ቢበላሽ እኮ ያርፍልናል። አንድ ቀን የካላክላ መንገድ መሀል ላይ ቲማቲም እንደጫነ ቀጥ አለ፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሁሉ ጡሩንባውን ለቀቀበት። አባቴ በዚያ መስመር እንደዚያ ተሰድቦ አያውቅም። ቲማቲሙ በፀሐይ ፈስሶ ሱቆቹ አንቀበልም አሉ።

ተውኪሉ ዘንድ ወሰደው። አሳድረው መለሱለት። "ኮምፒዩተር አስገብተን አየነው፣ ጤነኛ ነው" አሉ። አጥበውት ነበር፤ የደም እጁ ምልክት ሳይቀር ከኮፈኑ ላይ ለቋል። በሳምንቱ እንደገና ቆመ፣ እንደገና ወሰደው፣ እንደገና አጥበው መለሱት። መኪናችን እንደዚያን ጊዜ አብለጭልጮ አያውቅም። ሱቆቹ ግን ሌላ አመላላሽ ያዙ፤ ሰው እስከ መቼ ይጠብቃል? ዒድም እየቀረበ ነበር። እናቴ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል አትናገርም፤ የማትናገረው ግን ስለረሳችው አልነበረም።

ለሦስተኛ ጊዜ ተጎትቶ ሲገባ ሦስታችንም ሄድን። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት መሐንዲስ ነበር የተቀበለን። ትሑት ልጅ ነው፤ ልጠላው ፈልጌ አልሆነልኝም። በዚህኛው ጊዜ ኮምፒዩተሩን ትቶ ራሱ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆይቶ እጁን እየጠረገ ወጣ።

"ጥፋቱ ተገኝቷል" አለ። "የናፍጣው ፓምፕ ነው። ከፋብሪካው ጀምሮ ደካማ ነበር፤ መቀየር አለበት።"

አባቴ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ደብተሩን ከላስቲኩ ማውጣት ጀመረ።

"ግን ያ ሐጅ፣ ይሄን ፊልትሮ ማን ነው የገጠመው?"

አባቴ ፊቱ በራ። "እኔ ነኝ ያ ባሽ ሙሀንዲስ፣ በራሴ ሰው ያስገጠምኩት። አንዲት ጠብታ አያፈስም፣ እይልኝ።" ባሽ ሙሀንዲስ ማለት ዋና መሐንዲስ ነው፤ ሰውየው ሊያመሰግነው የጠየቀው መስሎታል። አንጀቴን በላኝ፤ ምክንያቱም እኔ የመሐንዲሱን ፊት አይቼ ነበር።

"የፋብሪካው መስመር ተቆርጧል" አለ ልጁ ዝግ ብሎ። "መስመር ከተቆረጠ ዋስትናው ይቀራል። ደብተሩ ላይ አለ።"

እዚህ ላይ እኔ አላስቻለኝም። "ሁለት ጊዜ እዚህ አድሯል። ስታጥቡት ይሄን የሚያህል ፊልትሮ አላያችሁትም?" አልኩት። "ያኔ ያየነው ኮምፒዩተሩን ነው" አለኝ። መልስ ነው እንግዲህ ይሄ? ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ ስለ ኮምፒዩተሩም፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ሳሙናቸውም። እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ዝም አሰኘችኝ።

ከዚያ እሷ ጠየቀችው። እንግዳ ሰው ፊት የምታወጣው ለስላሳ አረብኛ አላት፣ በእሱ ነው ያናገረችው። "ልጄ፣ ይሄ ፊልትሮ ባይኖር ኖሮስ ትሠሩልን ነበር?"

ልጁ አሰበ። መዋሸት ይችል ነበር፣ አልዋሸም። "ያኔ ፓምፑን ከፍተን እናየው ነበር። ውሃ ከነካው የናፍጣው ጥፋት ነው እንላለን። ቆሻሻ ናፍጣ ያመጣውን ዋስትናው አይሸፍንም።"

"አሁንስ ውሃ ነክቶታል?"

"አልነካውም። ደረቅ ነው። ፊልትሮው ይዞታል።"

"ንጹሕ ናፍጣ የሚሸጠው የት ነው?"

"የለም፣ ያ ሐጃ።"

"እናንተ የምትቀዱትስ?"

"እኛም እንደ እናንተው ነው የምንሰለፈው" አለ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ደብተሩን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለው፤ ጠርዙን በደንብ አጥፎ፣ እንደ በፊቱ።

ቤት ስንገባ አባቴ አልጋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለ። ከዚያ ወዲያ ለቀናት ከአልጋው አልራቀም። ሰው ሲመጣ ይነሳል፣ ሰላምታ ይመልሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ በበኩሌ ማንን እንደምሰድብ ጨነቀኝ። እሱን እንዳልሰድብ በፍቅር ያደረገው ነው። ልጁን እንዳልሰድብ እውነቱን ነው የነገረን።

ዒድ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ስልኩን አነሳች። "ያ ሲቲ" ስትል ሰማኋት። እመቤቴ ማለት ነው። ስልኩን እንደዘጋች ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"አትሄጂም" አልኳት።

"ፓምፑን ምን ይገዛዋል?"

"እኔ እሠራ የለም? ትንሽ እንታገሥ።"

"ያንቺ ደሞዝ ዳቦ ነው። በዳቦ ፓምፕ አይገዛም" አለች። "እመቤቷ የመጀመሪያውን ደሞዜን ቀድማ ልትሰጠኝ ነው። ፓምፑ ይገዛ፣ አባትሽ ይሥራ፣ ኢንሻአላህ እመለሳለሁ።"

"መቼ?"

"ኢንሻአላህ ብያለሁ እኮ።"

ካርቱም የኖረ ሰው ይህች ቃል በዚህ ድምፅ ስትባል ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። እኔም አወቅኩ።

ፓምፑ ተገዛ፣ የአባቴ ወዳጆች ወርሻ ውስጥ ገጠሙት። ሲጨርሱ አባቴ መፍቻ ይዞ ፊልትሮውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ዋስትናው እንደሆነ ቀርቷል፣ መፍታቱ ለምንም አይጠቅምም፤ ብቻ ማየት አልፈለገም። እናቴ እጁን ያዘችው። "ተወው" አለችው። "ልክ ነበርክ። ውሃ አላስገባህም።" አባቴ መፍቻውን አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዒድ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት የተሠራው ቦክሲ የመጀመሪያ ጭነቱን ጫነ፤ የእናቴን ሻንጣ፣ ፍራሽዋንና እሷን። እኔ መሀል ተቀመጥኩ። ከካላክላ እስከ ማንሺያ መንገዱ ረጅም ነው፣ በየመብራቱ እንቆማለን። ሦስታችንም የሞተሩን ድምፅ እናዳምጥ ነበር። አባቴ ይንተፋተፍ ይሆን ብሎ ነው የሚያዳምጠው። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲንተፋተፍ ነበር የምለምነው። ያ ቢጫ መብራት አንዴ ቢበራ፣ መሀል መንገድ ቀጥ ብንል፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ ቢሰድበን፣ እና እሷን ይዘን በእግራችን ብንመለስ።

አልቆመም። ያለ አንዳች ኮሽታ በሩ ድረስ አደረሳት። አባቴ ሻንጣውን አወረደላት፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ እሷ ገባች። አባቴ ተመልሶ መሪውን ያዘና "እይው፣ እንደ አዲስ ሆኗል" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያ መኪና አንድም ቀን አልተበላሸም።