እርጥብ ጆንያ

ባለቤቴ ቬንቲሌተር ውድ ነው ብሎ የራሰ ጆንያ ቆርቆሮው ላይ ሲዘረጋ፣ ሽታው ጉለሌ ወዳለው የልጅነቴ ቤት መለሰኝ።

የደርግ ዘመን ነበር። በመጋቢት ፀሐይ አባዬ ከጓዳው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍን ነበር። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ አጥራችን ጋ ቆመ።

"ጋሼ፣ ለምን ጓዳውን ብቻ?"

እማዬ ቀደመች። "ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል። እዚያ ነው የምትተኛው።"

እኔ ደህና ነበርኩ። ለምን እንደዋሸች አልገባኝም፤ ግን እጄን ጨመቅ አድርጋ ስትይዘኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቀሚሷ ላይ ተለጠፍኩ።

ሰውዬው ሲሄድ አባዬ ጓዳ ገብቶ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ።

"አሁንስ ይሻላል?"

እዚያ ላይ የተደበቀው ወንድሜ ኮርኒሱን ቀስ አድርጎ በጣቱ መታ።

ባለቤቴ ከመሰላሉ ወርዶ ገባ። "አሁንስ ይሻላል?" አለኝ።

መልሱን ከኮርኒሱ ጠበቅኩ።