የጓሮዬ ጥቁር አፈር

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ሰፈር ከቤቴ ጀርባ የነበረው መሬት የቤት ፍርስራሽ የተደፋበት፣ ዶማ የሚመልስ ደረቅ ቦታ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቆመው አዩትና "እስከ መስከረም ካላለማሽው የዕቃ ማከማቻ እንሠራበታለን" አሉኝ። ልጆቼ የሚሯሯጡበት ያ ጓሮ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ የያዝኩትን በቀላሉ የምለቅ ሴት አይደለሁም።

ቸኩዬ የዶሮዎቼን ኩስ እንዳለ በተንኩበት። የጎመን ችግኜ በሳምንቱ ተቃጠለ። እናቴ መጥታ አይታ ሳቀች።

"ትኩስ ኩስ እሳት ነው ልጄ፤ መጀመሪያ ይብላላ እንጂ!"

ጉድጓድ ቆፈርኩ። ኩሱን ከምድጃ አመድ፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከእንቁላል ቅርፊት ጋር ቀላቅዬ ከተትኩ። የቀረኝ እበት ነበር። ከሰፈራችን ወንዝ ማዶ ላም ያላቸው አንዲት እማማ ነበሩ፤ እሳቸው ግን እበቱን ለኩበት ስለሚፈልጉት ለማንም አይሰጡም። ብልሃቱ የመጣልኝ ለግንቦት ልደታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጠላ ጠምቋል፣ አተላው በየቤቱ ተርፏል። በባልዲ እየለመንኩ ሰብስቤ ለላሚቱ ወሰድኩ፤ እማማም በምላሹ እበቱን በቅርጫት ሞሉልኝ።

ቅርጫቱን በጭንቅላቴ ተሸክሜ ስመለስ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። እናቴም አልማረችኝም፤ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለች። ይሁን ብዬ እበቱን ጨምሬ ጉድጓዱን በጆንያ ሸፈንኩት። ክረምት ሲገባ ከፍቼ አፈሩ ላይ ስበትነው ጥቁርና ለስላሳ ሆኗል። ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎመንና ቆስጣም እንደገና ተከልኩበት።

መስከረም ላይ ሊቀመንበሩ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው መጡ። ጎመኑ ከጉልበት በላይ ቆሟል፤ ቆስጣው መሬቱን አልብሶታል። ሊቀመንበሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄን ያበቀለው ለገበሬ ማኅበር የመጣ ማዳበሪያ ነው። ማን አውጥቶ ሰጠሽ?"

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ያሳስር ነበር። እኔን ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ቀደመኝ። ተንበርክኬ አፈሩን በሁለት እጄ ዘገንኩና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ያሽትቱት! የመንግሥት ማዳበሪያ የእንቁላል ቅርፊት አለው?"

አሸተቱት። በጣታቸው ቅርፊቱን ለይተው አዩት።

"ባለቤቴን እልክልሻለሁ" አሉ በመጨረሻ፤ "አሠራሩን አሳዪያት።"

ማከማቻው ሌላ ቦታ ተሠራ። ባለቤታቸው በማግስቱ ባዶ ባልዲ ይዘው መጡ። ጉድጓዱን አሳየኋቸው፣ ኩሱ እንዴት እንደሚብላላ ነገርኳቸው፣ የላሟን እማማ ቤትም ጠቆምኳቸው። ከአፈሬ ግን አንድ እፍኝ አልሰጠኋቸውም።