በመዳፌ የቀመስኩት ወይን

ባለፈው ሳምንት ዴንግ አንድ ካርቶን የጣልያን ወይን በቦዳቦዳ ሞተር አስጭኖ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ካለው ምግብ ቤቴ መጣ። ዴንግ ሸሪካት ሰፈር መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፤ የደቡብ ሱዳን ልጅ ቢሆንም ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ሰርግ የሚደግስ ደንበኛ ወይን አዞኝ ነበርና፣ ከመስማማታችን በፊት አንዱን ጠርሙስ አስከፍቼ በመዳፌ ጠብ አደረግኩና ቀመስኩት።

«ኧረ እትዬ አስቴር! ብርጭቆ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «ካዋጃ ቢያይዎት ምን ይላል?» ፈረንጁን ማለቱ ነው።

«ካዋጃማ አይቶኛል» አልኩት። ውጪ ዝናቡ ሊጥል አጉረምርሞ ነበር፤ ጁባ ውስጥ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ ሞተር ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አስቀምጬ አወራሁለት።

ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ሆቴሉ መስተንግዶ እንድማር ጣልያን ላከኝ። አስተማሪያችን ሲኞራ ካርላ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ግን ልበ ቀና ሴት ነበረች። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ኮረብታ ላይ ወዳለ አንድ ጥንታዊ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ለቅምሻና ለምሳ ወሰደችን። ከመካከላችን አንድ ሰው ተመርጦ እዚያው ባለው የምግብ አዳራሽ እንደሚቀጠር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ቦታውን የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። የሰው አንሶላ መለወጥ አንገፍግፎኝ ነበር።

ጊዜው ወይን የሚለቀምበት ወራት ነው። የመንገዱ ግራና ቀኝ ወይን ብቻ፣ ቅጠሉ ቀልቶ፣ ጉሙ ገና ከሸለቆው አልወጣም። ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበለኝ ሽታ የእናቴ የጠላ ጋን ሽታ ነበር። ጥንስስ የትም አገር ጥንስስ ነው። ምድር ቤት ወርደን ጎጆ ከሚያህሉ በርሜሎች መካከል ቆመን መቅመስ ጀመርን። ሰዉ ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ አፉ ውስጥ ያንገዋልላል፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ እንትፍ ይላል። የሰው ቤት መጥቶ የቀዱለትን መትፋት! እኔ አንዷንም ጠብታ አልተፋሁም፤ ሁሉንም ዋጥኩ።

ምሳ ሲቀርብ ሲኞራ ካርላ ወይኑን እንድቀዳ መረጠችኝ። ባለቤቱ፣ ከነክራቫቱ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ የአያት ቅድመ አያቶቹ ሥዕሎች ከኋላው ተደርድረው ጠበቀኝ። ጠርሙሱን ከፈትኩ፣ በታጠበ መዳፌ ጠብ አድርጌ ፊቱ ቀመስኩና ብርጭቆው ላይ ልቀዳ አዘነበልኩ።

ከክፍላችን ልጆች አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ።

ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። እናቴ ድግስ ላይ ጠላ ስትቀዳ በመዳፏ ሳትቀምስ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። መርዝ የለበትም፣ እኔ ጠጥቼው ቆሜአለሁ፣ አንተም በሰላም ጠጣ ማለት ነው።

«የመጀመሪያዋ ቅምሻ የኔ ናት» አለ ሽማግሌው። «አባቴም አያቴም እዚህ ወንበር ላይ ሆነው ነው የቀመሷት።»

«በእኛ ቤት የአሳላፊው ናት» አልኩት በተሰባበረ ጣልያንኛዬ። «ቀድሞ ያልቀመሰ አሳላፊ አይታመንም።»

«በገዛ ቤቴ የማልታመን ነኝ?»

«እርስዎማ የታወቁ ነዎት። የምፈተነው እኔ ነኝ።»

ሲኞራ ካርላ ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ በር ወሰደችኝ። «ይቅርታ በዪው፤ ቦታው ያንቺ ነው። የቤቱ ሰዎች ትናንት ነግረውኛል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ግን ነውር ነበር በዪው። አንዲት ቃል ናት።»

ተመልሼ ሽማግሌው ፊት ቆምኩ። «የቤትዎን ደንብ አላወቅኩም ነበር፤ ከእንግዲህ የመጀመሪያዋን ለእርስዎ እቀዳለሁ። በመዳፌ መቅመሴን ግን ነውር ነው አልልም፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ቁጣ ይሁን ሌላ ዛሬም አላውቀውም። ከዚያ ባዶ ወንበር አሳየኝና «እንግዲያው ተቀምጠሽ ብዪ» አለ። ጠርሙሱን አንዲት የክፍላችን ልጅ ተቀበለችኝ፤ ቦታውም አብሮ ሄደ። ሁላችንም ገብቶናል።

ያኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። እኔ አላኮረፍኩም። በቅቤ የራሰውን ፓስታ በላሁ፣ በወይን የተቀቀለውን የበሬ ሥጋ በላሁ፣ ጣፋጩን ደግሜ አስጨመርኩ። እያንዳንዷን ጉርሻ ቀና ብዬ፣ ያን የሳቀውን ልጅ እያየሁ ዋጥኩ። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ተመልሼ አንሶላ እለውጥ ነበር።

ዴንግ ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ግን እትዬ፣ አንዲት ይቅርታ ምን ነበረባት?»

ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል። እኔ ይቅርታ መጠየቅ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። እዚህ ከተማ ወጥ ሲዘገይ ደንበኛን፣ ጄኔሬተር ሲጮህ ጎረቤትን ይቅርታ ስጠይቅ ነው የምውለው። ያ አዳራሽ ይቆጨኛል ወይ? አዎ፣ ይቆጨኛል። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ኮረብታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ የኔ ሊሆን ይችል ነበር። ሰው፣ በሥራው ያልተጸጸተ ሁሉ ያጣው ነገር የማይቆጨው ይመስለዋል።

ግን ያን ቀን ነውር ነበር ብል ኖሮ፣ ይቅርታ የምጠይቀው በእናቴ ስም ነበር። እናቴ ደግሞ ማንንም አልበደለችም።