አልጋ ላይ የደረቀ የፖም ቅጠል

ያን ሰሞን ዓይኔን ስጨፍን እንኳ የሚታየኝ ወይንጠጅ ቀለም ነበር። ፍራንክፈርት ውስጥ የፊት ቅባት የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። የፍራፍሬ ዛፍ ደረቅ ቅጠል በአልኮል ዘፍዝፈን ቆዳ ቶሎ እንዳያረጅ የሚያግዘውን ንጥረ ነገር እናወጣለን። ከዚያ ጠብታውን ወይንጠጅ ፈሳሽ ላይ እንጥለዋለን። ቅጠሉ ጉልበት ካለው ፈሳሹ ቀስ በቀስ እየሳሳ ቢጫ ይሆናል። የእኔ ግን አልሆን አለ። ቁጭ ብዬ ሳፈጥበት እሱም መልሶ ያፈጥብኛል።

ቅጠሉን የሚያመጡልኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ጊንሃይም በሚባል የከተማው ሰፈር፣ ከረጅሙ የቴሌኮም ማማ አጠገብ በር ለበር እንኖር ነበር። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ደግሞ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት ናቸው። በትግርኛ "እናቴ" ለማለት አደይ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ሲሞቱ አንዲት ቁራሽ የአትክልት ቦታና አንድ የፖም ዛፍ ትተውላቸዋል። አለቃዬ የመረጥኩትን ቅጠል እንድሞክር ሲፈቅድልኝ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ውሌ የሚታደሰው ሙከራው ከሠመረ ብቻ እንደሆነም አልደበቅኋቸውም።

"ፌርትራግሽ በእኔ ቅጠል የሚራዘም ከሆነማ አንቺ ላቦርሽን ያዢ" አሉኝ፣ ውሉን በጀርመንኛ እየጠሩ። "መልቀሙንም ማድረቁንም ለእኔ ተዪው፣ ልጄ።"

በየሳምንቱ የሚንኮሻኮሽ ከረጢት ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። "ለፈረንጅ ሴቶች ፊት ስደክም የእኔ ተጨማደደ" እያሉ ይስቃሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚፈልጋቸው ሰው አጥተው ነበርና ደስታቸው ያስታውቃል። ወይንጠጁ ግን ወይንጠጅ እንደሆነ ጥቅምት ገባ። ዛፉም መራገፍ ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ከረጢቱን ልቀበል ራሴ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ነጭ አንሶላ ተዘርግቶ ቅጠሉ እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ቅጠል ይድረቅ ከተባለ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሌላ ማን ያስባል? የምንፈልገውን ነገር ግን ፀሐይ ትበላዋለች። ይሉኝታ አንደበቴን ያዘኝ። ዛፉ ላይ የቀረው ቅጠል ግን ትንሽ ነውና እሱም ከመበላሸቱ በፊት ዓይኔን ከአንሶላው ሳልነቅል ነገርኳቸው።

"እና ሁሉም ከንቱ ቀረ?"

"ጥላ ነበር የሚያስፈልገው፣ አደይ።"

አንሶላውን ከነቅጠሉ መጠቅለል ጀመሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለስ አልቻልኩም። እናቴን የመታሁ ያህል ከፋኝ።

ለቀናት በሬን አላንኳኩም። ከዚያ አንድ እሑድ መጥተው በእጃቸው ጠሩኝ። መኝታ ቤታቸው መጋረጃው ተዘግቷል። ሰፊው አልጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቅጠል ለብሷል፤ ገና አረንጓዴ የነበሩትን ለቅመው፣ ሳይደራረቡ፣ አንድ በአንድ ደርድረዋቸዋል። ክፍሉ ዝናብ የመታው ሣር ይሸታል። ቤት ውስጥ ልሁን ጫካ ውስጥ ለጊዜው ጠፋኝ።

"እርስዎስ የት ይተኛሉ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ሶፋው ላይ። እሱ ከሞተ ወዲህ እዚህ ተኝቼ አላውቅም።"

የደረቀውን ቀስ ብዬ መሰብሰብ ጀመርኩ። የአልጋውን አንድ ወገን ጨርሼ ወደ ሌላው ስዞር እጄን ያዙኝ።

"በእሱ በኩል ያለውን ተይልኝ።"

ግማሹ ይብቃኝ አይብቃኝ አላውቅም። ዛፉ ባዶ ነው፤ እስከ ጸደይ ሌላ ቅጠል የለም። ተውኩላቸው።

በማግስቱ ወይንጠጁ ዓይኔ እያየ ሳሳ። መጀመሪያ የጽጌረዳ፣ ቀጥሎ የገለባ ቀለም ያዘ፤ በመጨረሻ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። አለቃዬ አየውና ውሌ እንደሚታደስ እዚያው ነገረኝ። ደስታው አሰከረኝ። ወደ ቤት ስመለስ በትራሙ መስኮት የማየው ሁሉ፣ ሰማዩም ማማውም፣ ቢጫ መሰለኝ።

አደይን ላበስራቸው ሮጬ በራቸውን አንኳኳሁ። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን እያሹ ከፈቱልኝ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። በባለቤታቸው በኩል ቅጠሉ እንደተዘረጋ ነው። በእሳቸው በኩል ብርድ ልብሱ ተገልጦ፣ ትራሱ ጎድጉዷል።