ከባሕሩ ዳር የሰማሁት መርዶ

እንግሊዝ አገር የሄድሁት በልጄ ልመና ነው። ልጄ ትዳሯን እዚያ መሥርታ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ ቢቸና ተቀምጬ ነበርና፣ ዓይኔ ሳይደክም አገሩን መጥቼ እንዳየው አጥብቃ ትሻ ነበር። እግሬን የያዘኝ የታናሽ ወንድሜ ሕመም ነው። ወንድሜ ሞጣ ላይ እህል ነጋዴ ነበር። አባታችን በሞተ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ እናታችንን የጦረ፣ እኔንም ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ የደገፈ እርሱ ነው። በዚያ ወራት ጉበቱን ታሞ አልጋ ላይ ውሏል። ልሰናበተው ስገባ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሂድ እንጂ ጋሼ» አለኝ። «ዕድሜህን ሙሉ የእንግሊዝ መጽሐፍ ስታገላብጥ ኖረህ አገሩን ሳታይ ብትቀር መጽሐፎቹ ራሳቸው ይታዘቡሃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? ይኸው አልጋው ይዞኛል።»

ከመውጣቴ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቤ አንድ ነገር አስጠነቀቅሁ። ከባሰበት በዚያው ዕለት ሳይደብቁ እንዲነግሩኝ፣ እኔም ሁሉን ትቼ እንድመለስ። በመጨረሻ ሰዓቱ ከራስጌው ካልተገኘሁ ሌላው ወንድምነት ሁሉ ከንቱ ነው አልኋቸው። «እሺ» አሉ። አመንሁ።

ለንደን በገባሁ ሰሞን ድምፁን በስልክ እሰማ ነበር። ቆይቶ ግን መስመሩ እንቢ አለ ተባልሁ፤ ልጄ ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወጥታ ትደውልና «ተሽሎታል፣ ተኝቷል» ትለኛለች። የሞጣን ስልክ ጠባይ ስለማውቅ አልተጠራጠርሁም። ወደ ቤቴ ልመለስ ባልሁ ጊዜ ግን «ገጠሩንና ባሕሩን ሳያዩማ አይሄዱም» አለችኝና ከባልዋ ጋር በመኪና ይዘውኝ ወጡ።

ገጠሩ አረንጓዴ ነው፤ ሰው ግን አይታይበትም። በጎቹ ጀርባቸው ላይ ቀለም ተቀብተው ያለ እረኛ ይግጣሉ። ማሳው ሁሉ በድንጋይ ካብ ተከፋፍሏል። በአንድ መንደር የሣር ክዳን ቤቶች አየሁ። እኛ አገር ሣሩን ጥሎ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ኑሮው ተሻሻለ ይባላል፤ እዚህ ግን የሣር ቤት የሚይዘው ባለጸጋ ነው አሉኝ። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ገባን፤ ቄስም ምእመንም አልነበረም። በግቢው የመቃብር ድንጋዮች ዘመዋል፣ ጽሑፋቸውን ነፋስና ዝናብ በልቶታል። ልጄ ከማታውቀው ሰው መቃብር አጠገብ ቆማ ፊትዋን አዞረችብኝና አፍንጫዋን ጠረገች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል ብዬ አለፍሁ።

ያስደነገጠኝ አማቼ ነው። አማቼ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሳይከራከረኝ ውሎ አያውቅም። በዚያ ቀን ያልሁትን ሁሉ «ልክ ነዎት አባባ» ይለኛል። ልፈትነው ብዬ፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየን ወደ ባሕሩ ስንነዳ፣ «ይኸ የምንሄድበት ሰሜን ነው» አልሁት።

«ልክ ነዎት አባባ፣ ሰሜን ነው።»

በዚያ አገር የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናትና ደቡብ እንደ ነበረ ሕፃንም አይስተውም። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ዳር ደረስን። ነጭ ገደል ወደ ግራጫ ውኃ ይወርዳል፤ ከታች አሸዋ የለም፣ ጠጠር ብቻ ነው። ፍልሰታ ነበርና እስከ ተሲያት ልጾም አስቤያለሁ። ጾም የማትሽር ልጄ ግን የተጠበሰ ድንች ከሱቅ ገዝታ መጣችና ፊቴ ዘረጋችው።

«ይብሉ አባዬ።»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«መንገደኛ ነዎት፤ ይፈቀድልዎታል። ትንሽ ይቅመሱ፣ በሞቴ።»

አማቼም ከጎን ሆኖ «አባባ፣ ጉልበት ያስፈልግዎታል» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በአገራችን መርዶ የሚጠብቀውን ሰው አስቀድሞ ያበሉታል፤ አይቃወሙትም፣ አያስቆጡትም፤ ከሰማ በኋላ እህል በጉሮሮው አይወርድምና። እኔም ራሴ ለስንቱ ሰው እንዲህ አድርጌያለሁ። ድንቹን ወደ ጎን ገፋሁና፣

«መቼ ተቀበረ?» አልኋት።

ባልዋን አየች። እርሱ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ሳምንት አለፈው» አለች። «በሰው አገር እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ማን ይይዝዎታል? የሞጣዎቹም ‹ቤታቸው ሲገቡ ሽማግሎች ያረዷቸዋል፣ አንቺ እስከዚያ ወዲያ ወዲህ እያልሽ አቆዪያቸው› አሉኝ።»

ቆምሁ። ላለቅስ ፈለግሁ፤ አልሆነም። ልቅሶ የሚቀበለው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ያነሣል፣ ደረት የሚመታ ሲኖር ክንድ የሚይዝ አለ። በዚያ ገደል ላይ ሦስት ብቻ ነበርን፤ ሁለቱም ለቅሷቸውን ጨርሰው ነበር። ውሻ የምትስብ አሮጊት «ቀኑ ደስ ይላል» ብላን አለፈች። አማቼ በእንግሊዝኛ «አዎን» አላት።

ቢቸና በገባሁ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብዬ አዳመጥኋቸው፤ ለዚህ ሲሉ ወሬውን አፍነው ቆይተዋልና ላሳፍራቸው አልወደድሁም። ከዚያ ከእነርሱ ጋር ሞጣ ሄድሁ። ለቀስተኛው ገለል ባለ ጊዜ የወንድሜን ሚስት «ቃላችሁ የት ደረሰ?» አልኋት።

«ልንጠራዎ ነበር» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። «ሐኪሙ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ እርስዎን ብቻ ይጠይቅ ጀመር። ‹ጋሼ አልደረሰም?› ይላል። ከሩቅ አገር በድንጋጤ ተነሥተው መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ ብለን ፈራን። መጥተዋል አልነው። አዲስ አበባ ገብተዋል አልነው። በማግስቱ ዓባይን ተሻግረዋል አልነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሦስት ቀን ጠበቀዎት።»

እንዲያርፍ ሳይሆን እንዲጠብቅ አድርገውታል። እኔን መጠየቅ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስካረፈ ድረስ የነበረው ጊዜ ከለንደን ተነሥቶ ከራስጌው ለመድረስ ይበቃ ነበር። በልቤ አሰላሁት። ለእርሷ ግን አልነገርኋትም።