አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል

የመጀመሪያዋን የሥራ ቀን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። የውጊያ ጄቱ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ያለው ሰሌዳ ሁሉ በማላውቀው ቋንቋ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በግምት መሥራት አልወድም። ከሕክምና ክፍሉ ነጭ ፕላስተር ለምኜ፣ ቆራርጬ እየለጠፍኩ «ነዳጅ»፣ «ከፍታ»፣ «ዘይት»፣ «ቦምብ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩበት። መካኒኮቹ አውሮፕላኑን ምን አቆሰለው እያሉ ተሳለቁብኝ። ይሳቁ! ነዳጅ የነካሁ መስሎኝ ቦምብ ከምጥል ይሻላል።

የሀገሩን ስም አልጠራም። ያኔ ይዋጉ የነበሩት ዛሬ ታርቀው አንድ ገበያ ይውላሉ። ምን ቁርጥ አድርጎኝ ቁስላቸውን እነካካለሁ?

እንዴት እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ከአየር ኃይል በሻምበልነት ተሰናብቼ አዋሽ፣ አባቴ ቤት፣ ሙቀቱን እየተራገምኩ ተቀምጬ ነበር። ሳሌህ ደወለልኝ። ሳሌህ የዚያ ሀገር ሰው ነው፤ በረራ የተማርነው እዚሁ እኛ ሀገር አብረን ነው፣ አማርኛውም ከእኔ ሳይሻል አይቀርም። ወገቡን ተጎድቶ መብረር ስላቆመ ምድር ላይ ሆኖ በሬዲዮ አብራሪዎችን ይመራ ነበር።

«እናቴ ያለችበትን ከተማ አማፂዎች ከበውታል። አውሮፕላን አለን፣ አብራሪ የለንም» አለኝ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። በፈቃዴ ልዘምት ነው ስለው «በሰው ጦርነት ምን ጥልቅ አደረገህ?» ብሎ አኮረፈኝ። ልሄድ ስነሳ ግን እስከ መኪናው ሸኘኝ። «ሰው አድን ብለው ከጠሩህ አድን። ሰው ፈጅተህ እንዳትመጣብኝ» አለ።

እዚያ ስደርስ የአየር ጣቢያው አዛዥ አጭርና ቁጡ ኮሎኔል ነበር። «የሚመታውን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ አንተ ትበራለህ» አለኝ፤ ሳሌህ እየተረጎመ። እሺ አልኩ። አብዛኛው ሥራችን በተከበበችው ከተማ ዙሪያ እየዞሩ፣ ሰው ላይ የሚተኩሱትን መድፎች ፈልጎ መምታት ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት፣ ጥይት የጫኑ መኪኖች ወደ አማፂዎቹ ምሽግ እየሄዱ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ጥይቱ ከገባ መድፉ ከተማዋ ላይ እንደገና ያገሳል። ተነሳሁ። ሜዳ በሚያቋርጠው አስፋልት ላይ ሸራ የለበሱ ተሳቢዎች ተደርድረው ቆመው አገኘኋቸው።

«ቆመዋል። ሸራ አላቸው። ቅጠልም አያለሁ» አልኩ በሬዲዮ።

«ኮሎኔሉ፣ በቅጠል ተሸሽገዋል ማለት ነው፣ ምታ ይላል» አለ ሳሌህ።

ጣቴን አስጠጋሁ። ግን የሆነ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

«ቆይ ሳሌህ! ቅጠሉ መኪናው ላይ አይደለም። አስፋልቱ ላይ ነው የተጣለው፤ ከፊትም ከኋላም።»

«እና?»

እናማ፣ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ስጓዝ ገዋኔ አጠገብ መኪናችን በተበላሸ ቁጥር ይኸው ነበር። አባቴ ገና ሞተሩን ሳያይ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ራቅ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ያንን ያየ ሾፌር ሁሉ የተበላሸ መኪና እንዳለ አውቆ ፍጥነት ይቀንሳል። ሊሸሸግ የፈለገ ወታደር ቅጠሉን መኪናው ላይ ያለብሳል እንጂ መንገድ ላይ አይጥልም። ይህን በሬዲዮ ነገርኩት።

ሳሌህ ለኮሎኔሉ ተረጎመለት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «ከተሳሳትክስ? እናቴ እኮ እዚያ ናት።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። አንድ ዙር ስጠኝ።»

ከጀርባው የኮሎኔሉ ጩኸት ይሰማኛል። ፕላስተሩ ላይ «ነዳጅ» ካልኩት በላይ ያለው መርፌ እየወረደ ነው። ዝቅ ብዬ አለፍኩ።

የአንዱ መኪና ጎማ ወልቋል። ከሥሩ ክሪክ ገብቷል። ሰዎች ጥላው ውስጥ ተጋድመዋል። ጭነት ለማቅለል ያወረዱት ጆንያ ጠርዝ ላይ ተቆልሏል፣ አንዱ ተቀዶ አስፋልቱን ዱቄት አልብሶታል። አንድ ሽርጥ የታጠቀ ሰውዬ መሀል መንገድ ቆሞ አልሮጠም፣ አልተጋደመም፤ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ እያወዛወዘ «ቀስ በል! ቀስ በል!» ይለኛል። ወይ ጉድ! ጄት እኮ ነው የምነዳው!

ቦምቡን ሰው የሌለበት በረሃ ላይ ጥዬ ተመለስኩ። ኮሎኔሉ «ከእንግዲህ አትበርም» ብሎ ሄልሜቴን ነጠቀኝ። «ያየኸው ዱቄት ከላይ ብቻ ከሆነስ? ከሥሩ ጥይት ካለስ?» አለ። እውነቱን ነው። ሳሌህ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ያሳለፍኩትን ጭንቅ ለጠላቴም አልመኝም። መድፍ የሚሰማ እየመሰለኝ ጆሮዬን ተክዬ ዋልኩ፤ አመሸሁም።

በማግስቱ ሳሌህ ወገቡን ረስቶ እየሮጠ መጣ። «ገባ! ወላሂ ገባ! እናቴ ደወለች፣ ዱቄት ገባ!» የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተነጋግረው ያሳለፉት ጭነት ኖሯል፤ ወሬው እኛ ዘንድ አልደረሰም። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ።

ኮሎኔሉ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። በሚቀጥለው ገለጻ ላይ ሄልሜቴን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና «ቅጠሉ አስፋልት ላይ ከሆነ፣ አንድ ዙር ዙሩ» ብሎ ለሁሉም አብራሪ አዘዘ። ጦርነቱ እስኪያበቃ የዘለቀ ትእዛዝ ሆነ። እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸው በኋላም እርቁን የጀመሩት።

አዋሽ ስመለስ ለአባቴ ከሀ እስከ ፐ አጫወትኩት። ሌላውን ሁሉ ትቶ የጠየቀኝ ስለዚያ ሽርጥ ስለታጠቀው ሰው ነው።

«ታዲያ ቀስ አልክለት?»

«አልኩለት፣ አባዬ።»

«በል ገበታ ቅረብ» አለኝ።

አሁን ሥራዬ ሰመራ ነው፤ አንበጣ ሲመጣ በትንሽ አውሮፕላን መድኃኒት እረጫለሁ። ዱብቲ አካባቢ ርጭት ሳልጀምር መጀመሪያ ዝቅ ብዬ እዞራለሁ፤ አርብቶ አደሮቹ ግመሎቻቸውን ያሸሻሉ፣ ዱላቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ «ጋሼ፣ ነዳጅ ማባከን አይሆንም?» ይሉኛል። ይሆናል። እናንተም አባክኑ። ምን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር ላይ ምንም ነገር አትጣሉ።