በደረቁ የሚቆረጥ ድንጋይ

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አባ ስስ» ይለዋል። መርከብ ከጥልቅ ባሕር ወለል የሚያወጣውን ድንጋይ ለኬሚስቶቹ ማይክሮስኮፕ ከሽንኩርት ልጣጭ ይበልጥ እያሳሳ ሲፍቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። እዚያ ታች ውሃው በስንጥቅ ሰርጎ ከጋለው ድንጋይ ብረትና መዳብ ይዘርፋል፤ የራሱን ማግኒዝየም አስረክቦም ጥቁር ጭስ መስሎ ይወጣል። ድንጋዩ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንዳንዱም እንደ ጥጥ ክር ክር ይላል።

በስንጥቁ ውስጥ አንድ ነጭ ማዕድን ይረጋል። ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሙቅ ውሃ ይጠጥራል፣ በቀዝቃዛ ይሟሟል። በውሃ ፋንታ ዘይት እንዳይጠቀሙ ልኬቱን ያበላሻል። ስለዚህ አባ ስስ ብናኙን የሚያጥበውን የመጋዙን ውሃ ዘግቶ በደረቁ መቁረጥ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ የገዛ ራሱ ብልሃት ነበር፣ ኩራቱም እሱ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጣ ልጁ ወንበሩን ወረሰች፤ ብልሃቱንም አብሮ አወረሳት።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና፣ «አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለው። ነገረው።

«ያ ክር ክር የሚለው ድንጋይ ነዋ። ብናኙ አንዴ ከገባ አይወጣም። መድኃኒትም የለው።»

አባ ስስ ስለራሱ አንድ ቃል አልጠየቀም። ልጁ ታየችው። ስድስት ዓመት! ልጁን በገዛ እጁ እዚያ አቧራ ውስጥ ያስቀመጣት እሱ ነው።

የሥራ ክፍሉን ደረጃ ሦስት ጊዜ ቆሞ እየተነፈሰ ወጣ። ልጁ ፀጉሯ በአቧራ ሸብቶ መጋዙ ላይ ጎንበስ ብላለች።

«አባዬ! ምን እግር ጣለህ?»

«ተነሽ። አሁኑኑ ተነሽ! ብናኙ ሳንባዬን ጨርሶታል፣ ሐኪሙ ነገረኝ።»

«ሲጋራህ ነዋ! እኔ መቼ አጨስኩ?»

«እሺ ውሃውን ክፈቺው። ስሞትልሽ!»

«ነጩ ይጥፋ? ‹ውሃ የነካው ቁራጭ ይዋሻል› ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ድንጋዩን ከእጇ መንጭቆ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ጮኸች። እስከ ክርኗ ገብታ አወጣችው፤ በቀሚሷ አደረቀችው፤ ስንጥቁን አገላብጣ አየችው።

«ተመስገን፣ ውስጡ አልደረሰም። ሦስት ዓመት የጠበቅነው ድንጋይ እኮ ነው፣ አባዬ!»

እጇን ይዞ ለመናት፤ እንባውም መጣ። እሷም አዘነችለት፤ ትከሻውን ደግፋ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሸኘችው።

«ይቺን ልጨርስና እናወራለን፣ እሺ? እስከዚያ ውጪ ጠብቀኝ» አለችው። «አቧራው ያስልሃል።»